እያደገ ባለ የግል ኮሌጅ የጥራትና የዕውቅና ሥራ፦ ፈቃድ ሳይወጣ "ምዝገባ ጀምሩ" ስንባል ምን እናድርግ?

የጥራት_ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በአንድ የክልል ከተማ ባለ የግል ኮሌጅ የጥራት ማረጋገጫና የዕውቅና ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍል ይባል እንጂ ያለነው እኔና አንዲት ጸሐፊ ነን። ኮሌጁ የጀመረው በቴክኒክና ሙያ ነው። ከዚያ በአካውንቲንግና በማኔጅመንት የዲግሪ ፈቃድ አገኘን፣ ተማሪው በረከተ፣ አሁን ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ሁለተኛ ግቢ ተከራይተናል። ቦርዱ እዚያ ኮምፒውተር ሳይንስና ነርሲንግ በዲግሪ ለመክፈት ወስኗል።

ማመልከቻው ገብቷል። ገምጋሚ ቡድን ግን ገና መጥቶ አላየንም። ማርኬቲንግ ክፍሉ "ምዝገባ ላይ ነን" የሚለውን ባነር አሳትሞ ጨርሷል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ማስተማር ከልባቸው የሚወዱ ሰው ናቸው። የሚሉኝ ግን እንዲህ ነው፦ "ፈቃዱ መምጣቱ አይቀርም፤ እስከዚያ ልጆቹ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርስ ይማሩ። ሌላውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።"

እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ግን "አይሆንም" ብቻ ይዤ ቦርድ ፊት መቅረብ አልፈልግም። በሥራው ላይ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ እንዴት ታስረዳላችሁ? ክፍሉስ ተጠሪነቱ ለማን ቢሆን ይሻላል?

ነባር_ባለሙያ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ አብዛኛው ባለቤት የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። "ኮሌጃችን ዕውቅና አለው" ብሎ ነገር የለም። ዕውቅና የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ ነው፤ ያውም ለዚያ ደረጃ፣ ለዚያ ግቢ፣ ለዚያ መርሐ ግብር። አካውንቲንግ በዲግሪ፣ በመደበኛ፣ በዋናው ግቢ ፈቃድ ካላችሁ ያላችሁ እሱ ብቻ ነው። ያው አካውንቲንግ በርቀት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአዲሱ ግቢ ሌላ፣ በማስተርስ ሌላ። ኮሌጅ ባደገ ቁጥር ባለቤቱ "አንድ ቤት ነን" እያለ ያስባል፤ ተቆጣጣሪው ግን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ነው የሚያየው።

በዚያ ላይ እናንተ ሁለት ተቆጣጣሪ ነው ያላችሁ። የቴክኒክና ሙያውን ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ አካል ነው፣ የዲግሪው የፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። አንዱ የሰጣችሁ ወረቀት ሌላው ጋ አያስገባም። ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ ያደጉ ኮሌጆች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው፤ የደረጃ 4 ወርክሾፕና አሠልጣኝ ለዲግሪውም እንደሚቆጠር አድርገው ይጠብቃሉ።

የባለሥልጣኑ ቀዳሚ የሆነው የጥራት ኤጀንሲ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ 351 ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በአዋጅ 1152/2011 አልፎ፣ እስከ አሁኑ ባለሥልጣን ድረስ ይህ መርህ አልተነቃነቀም። ቅጹ ተቀያይሯል፣ መስፈርቱ ጠብቋል፣ ነባሮቹ የግል ተቋማትም እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ተደርጓል። "ፈቃዱ መምጣቱ አይቀርም" የሚለው አነጋገር በድሮው ዘመን እንኳ አደገኛ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ይባስ።

ለቦርዱ የሚገባ ነገር ልስጥህ። ደብዳቤ አትጻፍ፣ ሠንጠረዥ ሥራ። መስክ፣ ደረጃ፣ ግቢ፣ መርሐ ግብር፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ ቦርዱ አንድ ውሳኔ ብቻ ይወስን፦ ሬጅስትራር ከዚህ ሠንጠረዥ ውጭ ለማንም የመታወቂያ ቁጥር አይሰጥም። ባነር ይሰቀል አይሰቀል እያልክ ከማርኬቲንግ ጋር ስትሟገት አትኑር። በሩ ያለው ሬጅስትራር ጋ ነው።

ሬጅስትራር_የነበረች

ነባር_ባለሙያ ስለ መታወቂያ ቁጥር ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ኮሌጅ አንዲት ተመራቂ መስኮቴ ላይ መጣች። ባንክ ተፈትና አልፋለች፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ማስረጃዋን ለማጣራት ልኮ መልሱ መጥቷል። ፖስታውን ከፍታ ሰጠችኝ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ተቋሙ ተማሪዋ በገባችበት ጊዜ በመስኩ ዕውቅና አልነበረውም ይላል። ትራንስክሪፕቷን አወጣሁት። ከላይ በቀኝ በኩል የገባችበት ቀን ተጽፏል። ፈቃዱን አወጣሁት። ቀኑ ከገባችበት በኋላ ነው፣ በአንድ ሴሚስተር። አራት ዓመት ተምራለች፣ ክፍያዋን አጠናቃለች፣ ውጤቷም የሚያኮራ ነው። የጎደለው ያ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። እናቷ ጉሊት እየነገዱ ነው ያስተማሯት።

ስለዚህ "እስከዚያ የጋራ ኮርስ ይማሩ" የሚለው መላ ቀኑን አያስተካክለውም። ፈቃዱ ሲመጣ ወደ ኋላ አይሄድም። ቀን ቀይሮ መመዝገብ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ እዚያ ውስጥ እጃችሁን እንዳታስገቡ።

ለባለቤቱ ስታስረዳ ስለ ቅጣት አታውራ። ቅጣት ሲባል ሰው ገንዘቡን ማስላት ይጀምራል። ስለዚያች ልጅ ንገራቸው።

መሥራች_ነኝ

ሁላችሁም የምትሉት እውነት ነው፤ ግን ከባለቤት ወንበር የሚታየውም ይሰማ፤ እኔም ኮሌጅ ከፍቼ ነው የምናገረው።

ገምጋሚ የሚመጣው ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሲጠብቀው ነው። ማለት ሕንፃው ተከራይቷል፣ ቤተ ሙከራው ተሟልቷል፣ መጽሐፉ ተገዝቷል፣ መምህራኑ ተቀጥረዋል። ተማሪ ግን የለም። ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፣ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፣ ገቢ ዜሮ። ግምገማው ሲዘገይ ደግሞ የመግቢያው ወቅት ያልፋል፤ መስከረምና ጥቅምት ካመለጠህ ዓመቱ ባዶውን ነው የሚሄደው። ባለቤቱ ስግብግብ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል፤ ባንክ ብድር ላይ ወለድ እየቆጠረባቸው ይሆናል።

የእኔ መፍትሔ ቅደም ተከተል ነው። ሁለት አዲስ መስክ በአዲስ ግቢ በአንዴ መክፈት ራስን ማነቅ ነው። ቀድሞ ፈቃድ ያለውን መስክ ወደ አዲሱ ግቢ የማስፋት ፈቃድ ጠይቁ። መምህራኑ አሉ፣ ካሪኩለሙ አለ፣ ልምዱ አለ። እሱ ኪራዩን ይሸፍናል። ከዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ። ነርሲንግን በመጨረሻ።

ሌላው፣ ክፍያ ሳትቀበሉ የፍላጎት መዝገብ ብቻ ክፈቱ። ስምና ስልክ። ፈቃዱ ሲወጣ ትደውላላችሁ።

ሬጅስትራር_የነበረች

መሥራች_ነኝ፣ ቅደም ተከተሉን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የፍላጎት መዝገቡን ግን እፈራዋለሁ። ዛሬ ስምና ስልክ ተብሎ ይጀመርና በሳምንቱ "ቦታ ለመያዝ" ትንሽ ገንዘብ ይጨመርበታል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ወላጅም ልጄ ተመዝግቧል ብሎ ሌላ ቦታ ማፈላለጉን ይተዋል። የሚደረግ ከሆነ ቅጹ ላይ በጉልህ "ይህ ምዝገባ አይደለም፤ መስኩ ገና ዕውቅና አላገኘም" ተብሎ ይጻፍና ወላጅ ይፈርምበት።

ነርሲንግ_አስተማሪ

ነርሲንግ ስለተነሳ ነው የገባሁት። እባካችሁ ነርሲንግን እንደ አካውንቲንግ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አድርጋችሁ አታስቡት። የክህሎት ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ አልጋው፣ ማኔኪኑ፣ የመርፌና የካቴተር ልምምድ ዕቃው። ከሁሉ የሚከብደው ሆስፒታሉ ነው። ተማሪ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የሚወጣበት ሆስፒታል ጋር የተፈረመ ስምምነት ከሌላችሁ ምንም የላችሁም። በከተማችሁ ያለው ሆስፒታል የመንግሥቱን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሌሎች የግል ኮሌጆችን ይዞ ተጨናንቆ ይሆናል። አንድ ዋርድ ውስጥ አንድ በሽተኛ ዙሪያ የቆሙ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ ወስኑ። በሽተኛውም ሰው ነው።

ሌላው የመምህራን ፋይል ነው። ስምን ማከራየት የሚባል ነገር አለ፤ በጤናው ዘርፍ በተለይ። ማስተርስ ያለው ባለሙያ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ሰጥቶ በወር ትንሽ ነገር ይቀበላል፣ ክላስ ግን አይገባም። እኔም ተጠይቄ አውቃለሁ። "ለግምገማው ቀን ብቻ ና" ነው ያሉኝ። እምቢ አልኩ፤ ምክንያቱም በኔ ስም የሚማር ልጅ ነገ እኔ የምታከምበት ክፍል ውስጥ መርፌ ይዞ ይቆማል።

ጥሩ ገምጋሚ ይህን እንዴት እንደሚያወጣው ላሳያችሁ። ፋይሉን አይቶ አይሄድም። ውሉን ያያል፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ አምጥቷል ወይ ይላል፣ ከዚያ የደመወዝ መክፈያውን ይጠይቃል። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መግባት አለበት። መዋጮው ከሌለ መምህሩ የለም ማለት ነው። በመጨረሻ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ይዞ "ማክሰኞ ሦስተኛ ፔሬድ አናቶሚ ማን ነው የሚያስተምረው? ወደ ክፍሉ እንሂድ" ይላል።

አንተም ቀድመህ እንዲሁ ፈትሽ። ከውጭ መጥቶ ከሚያገኘው ከቤት ሰው ቢያገኘው ይሻላል።

የጥራት_ክፍል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። የመምህራንን ፋይል በነርሲንግ_አስተማሪ መንገድ መፈተሽ ጀምሬያለሁ። ፋይሉ ላይ ሁሉ ሙሉ ይመስላል፤ ከደመወዝ መክፈያው ጋር ሲመሳከር ግን "ቋሚ" ከተባሉት አንዳንዶቹ በትርፍ ሰዓት ነው የሚከፈላቸው። ይህን ለአካዳሚክ ዲኑ አቀረብኩ፤ "ለጊዜው ይቆይ" አሉኝ።

አሁን ችግሬ ይሄ ሆነ። ተጠሪነቴ ለአካዳሚክ ዲኑ ነው። ያገኘሁትን የማቀርበው ሥራው ለሚፈተሸው ሰው ነው ማለት ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ በአንድ ኮሌጅ በቁጥጥርና ተገዢነት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚመሳሰል እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህም አዲስ መስክ ወይም አዲስ ግቢ ስትከፍት ቅድሚያ ፈቃድ ነው። የሜሪላንድ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ፕሮግራሙን ያጸድቃል፣ የአካባቢው ዕውቅና ሰጪ ተቋም መሠረታዊ ለውጥ የሚባለውን አይቶ ይሁን ይላል፣ የፌዴራሉ የተማሪ ድጎማ እንዲገባበት ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ ይጠየቃል። የውጭ ተማሪ ካለህ አዲሱ ግቢ በኢሚግሬሽኑ ሥርዓት ሳይመዘገብ ለዚያ ግቢ አይ-20 (የተማሪ ቪዛ የሚጠየቅበትን የቅበላ ሰነድ) መስጠት አትችልም። ተማሪው ከመጣ በኋላም ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ሲስተሙ ላይ ካልተመዘገበ ሕጋዊ ቆይታው አደጋ ላይ ይወድቃል። ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ንብረት ሸጦ የላከው ልጅ በእኛ አንድ ቢሮ መዘግየት ሲጎዳ ማየት ያማል። እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ስቀበል ይህን አስባለሁ።

ስለ ተጠሪነት፦ ክፍሉ ለዲኑ ተጠሪ መሆኑ ራሱ መስተካከል ያለበት ነው። ተጠሪነቱ ለፕሬዚዳንቱ ሆኖ ለቦርዱ በቀጥታ ሪፖርት የማቅረብ መብት በጽሑፍ ይኑረው። ይህ ለአንተ ክብር ሳይሆን ለባለቤቱ ጥበቃ ነው፤ የምታገኘው ነገር መንገድ ላይ እንዳይቀር።

ማደግ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አይቲቲ ቴክ የሚባለው ለትርፍ የሚሠራ ኮሌጅ በመላው አሜሪካ ከ130 በላይ ግቢዎች ነበሩት። መንግሥት በፌዴራል ድጎማ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ሲከለክለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ለመስከረም ትምህርት ተዘጋጅተው ነበር። ብዙዎቹ ክሬዲታቸውን የሚቀበል ኮሌጅ አጥተው ከዜሮ ጀምረዋል።

ነባር_ባለሙያ

ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ እናመሰግናለን። በኛም ሀገር ተቋም ሲዘጋ ተማሪን ወደ ሌላ ተቋም ማዛወር እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ተቀባዩ የሌላውን ውጤት መቀበል ይፈራል።

ጠያቂ፣ "ለጊዜው ይቆይ" ያሉህን ነገር በቃል አትተወው። በጽሑፍ አቅርብ፣ ቀን አኑርበት፣ በመዝገብ ቤት በኩል ወጪ አድርገው። ሰው ለመክሰስ ብለህ አይደለም። ኮሌጁ ጉድለቱን ራሱ አውቆ ማስተካከል እንደጀመረ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ገምጋሚ ፊት ትልቅ ዋጋ አለው። አባቶቻችን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ያሉት ለዚህ ነው።

የመውጫ_ፈተና_አስተባባሪ

አንድ ነገር ሁላችሁም ሳትነኩት አለፋችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ከዚያ በፊት እንደ ሕግ ያሉት ብቻ ነበሩ። ይህ የጥራት ክፍሉን ሥራ ከሥሩ ቀይሮታል። ዱሮ ጉድለት ተሸፍኖ ምረቃ ላይ ይደርስ ነበር። አሁን በአንድ ቀን ፈተና ይገለጣል፣ ውጤቱም የአደባባይ ነው።

መግቢያውንም አስቡት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የግል ኮሌጅ የሚቀበለው ተማሪ በአንድ ጊዜ መነመነ፤ የሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ) መርሐ ግብር ባይኖር ኖሮ ብዙው ይዘጋ ነበር። ግፊቱ የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው፤ "ውጤቱ ትንሽ ቢጎድለውም እናስገባው" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። የመግቢያ መስፈርት ያላሟላ ተማሪ ማስገባት ፈቃድ በሌለው መስክ ከማስገባት አይለይም። መጨረሻው አንድ ነው፤ ለመውጫ ፈተና ስሙ ሲላክ ይመለሳል።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ገቢ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ወይም የሪሜዲያል ውጤት ከዋናው ጋር አመሳክራችሁ፣ "ከዋናው ጋር ተገናዝቧል" ብሎ የፈረመው ሰው ስም በግልጽ ይነበብ። ፊርማ ብቻ አይበቃም፣ ስም። እኛ ጋ ይህን ካደረግን በኋላ መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኞች ራሳቸው ተጠንቃቂ ሆኑ።

ጀማሪ_ነኝ

ሰላም፣ በትምህርት አመራርና አስተዳደር ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ይህ ሥራ ምን ችሎታ ይፈልጋል? ሕግ መማር አለብኝ?

ሬጅስትራር_የነበረች

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ሕግ መማር ግዴታ አይደለም፤ ግን አዋጅና መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ የማይሰለችሽ መሆን አለብሽ። ሰው የነገረሽን መመሪያ አትመኚ፣ ራስሽ አንብቢ። የትምህርቱን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አለ፣ የሕንፃ አዋጁ አካል ጉዳተኛ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ይጠይቃል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016 ደግሞ ገና ብዙ ኮሌጅ አላነበበውም። የተማሪን ውጤት በስም ዘርዝሮ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ልማድ ሆኗል፤ ይህ መቆም አለበት። ኤክሴል በደንብ እወቂ። ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ጥቂት ጊዜ መሥራት ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

የጥራት_ክፍል (ጠያቂ)

ቦርዱ ተሰብስቦ ነበር፤ ውጤቱን ላካፍላችሁ። ሠንጠረዡን አንድ ገጽ ላይ አድርጌ አቀረብኩ። ፈቃድ ያላቸው መስኮች በአረንጓዴ፣ የአዲሱ ግቢ ረድፍ በሙሉ ባዶ። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። "አዲሱ ግቢ ላይ አካውንቲንግም የለንም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ። እስከዚያ ቀን ዋናው ግቢ ላይ ያለው ፈቃድ የሚሸፍነው ይመስላቸው ነበር። ከዚያ የሬጅስትራር_የነበረችን ታሪክ ስም ሳልጠራ ተናገርኩ።

የተወሰነው ይህ ነው። ሬጅስትራር ከሠንጠረዡ ውጭ ቁጥር አይሰጥም። ቀድሞ አካውንቲንግ በአዲሱ ግቢ ይጠየቃል፤ ኮምፒውተር ሳይንስ በገባው ማመልከቻ ይቀጥላል፤ ነርሲንግ የሆስፒታል ስምምነት እስኪፈረም ይቆያል። የፍላጎት መዝገብ አይከፈትም። ተጠሪነቴ ለፕሬዚዳንቱ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ለቦርድ በቀጥታ ማቅረቡን ግን "እናስብበት" ብለዋል። የመምህራኑ ጉዳይ ገና አልተፈታም፤ በጽሑፍ ገብቷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አዲሱ ግቢ ሲጀምር የተማሪውን ማህደር እዚያ እናስቀምጥ ወይስ በዋናው?

ነባር_ባለሙያ

ደስ የሚል ዜና ነው። የቦርዱን ነገር በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አቅርብ እያልክ ቀስ በቀስ ታመጣዋለህ።

ማህደሩን በተመለከተ፦ ዋናው ማህደር በዋናው ሬጅስትራር ይቀመጥ፣ እሳት በማይደርስበት ቁም ሣጥን፣ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ። አዲሱ ግቢ በኮፒና በሲስተም ይሥራ። ውጤት ማስገቢያ ቅጹ ግን በየሴሚስተሩ መጨረሻ መምህሩ የፈረመበት ዋናው ወደ ዋናው ግቢ ይምጣ፤ ርክክቡም በፊርማ ይሁን። ግቢዎች ሲበዙ ቀድሞ የሚጠፋው የውጤት ቅጽ ነው። የርክክቡን ቅጽ ናሙና ማታ እልክልሃለሁ፤ የግቢውን ስም ብቻ ቀይረህ ተጠቀምበት።